ጄሉ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሆኖ ተመለሰ፤ ለሞቃት ጉድጓድ አሸዋ ማውጫ ምን ፈሳሽ ትጠቀማላችሁ?

ኮልድሌክ_ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የምሠራው ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ነው። ኮይልድ ቲዩቢንግ ቡድን ውስጥ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራውን ለማታውቁት፣ ኮይል ማለት በትልቅ መንኮራኩር ላይ እንደ ክር የተጠቀለለ ረጅም የብረት ቱቦ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እናወርደውና በውስጡ ፈሳሽ እንገፋለን። ፈሳሹ ከጫፉ ይወጣል። ከዚያ በኮይሉና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት አሸዋውን ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ገጠመን። ጉድጓዱ በእንፋሎት እየሞቀ ወፍራም ድፍድፍ የሚሰጥ ነው። 450 ሜትር ያህል ይወርድና በአግድም ይሄዳል። ጠቅላላ ርዝመቱ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ታች ያለው ሙቀት 190 ዲግሪ፣ ግፊቱ 15 ባር ብቻ። አሸዋ ገብቶበት ምርቱ ወርዷል። ላይነሩ (ጉድጓዱን ከውስጥ የሚሸፍነው፣ ዘይት ማስገቢያ ስንጥቅ ያለው ቱቦ) 7 ኢንች፣ ኮይላችን 2 ኢንች፣ ፓምፑ በደቂቃ 500 ሊትር ይገፋል።

የጓር (ውሃን የሚያወፍር የተክል ዱቄት) ጄል ደባለቅን። ገንዳው ላይ ቀድቼ ሳየው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ጣቴን ነክሬ ሳነሣው ክር ይሠራል። የተመለሰውን ስቀዳ ግን ውሃ ነው። የያዘው አሸዋም ጥቂት ነው። ከገባው ፈሳሽ የሚመለሰው ደግሞ ግማሹ ብቻ። በመሃል አንድ መገጣጠሚያ ላይ ፍሳሽ አየንና ፓምፑን ለ40 ደቂቃ አቆምን። እንደገና ስንጀምር ኮይሉ አልንቀሳቀስ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስንታገለው አድረን የተላቀቀው ጎህ ሲቀድ ነው።

አለቃዬ "ጄሉ ቀጥኖ ነው፣ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጉት" አለ። ልምድ ያለው ሰው ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን አልተዋጠልኝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰን እንገባለን። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰላሌ77

ሰላም ወንድሜ። እንኳን ኮይሉ በሰላም ወጣላችሁ። ተጣብቆ ቀርቶ መቁረጥ ድረስ የደረሰ አውቃለሁ።

እኔ ቴክሳስ ነኝ። የምንሠራባቸው ጉድጓዶች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ናቸው። ጓር ጄል ወፈር አድርገን እንልካለን፣ አሸዋውም ተንሳፍፎ ይመጣል። አለቃህ የሚለው ስህተት አይመስለኝም። የወፈረ ነገር አሸዋ ይሸከማል። እጥፍ አድርጉትና ሞክሩ።

ስታቫንገር_ላብ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ፣ ኖርዌይ ውስጥ የጉድጓድ ፈሳሽ የሚፈተንበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው።

ሰላሌ፣ በ60 ዲግሪ ያልከው ትክክል ነው። በ190 ዲግሪ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ኮልድሌክ፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያ የተመለሰው ናሙና ከቀዘቀዘ በኋላ ወፈረ ወይስ እንደቀጠነ ቀረ? መልሱ ብዙ ነገር ይነግረናል።

ኮልድሌክ_ልጅ

እህቴ፣ እንዳጋጣሚ አንድ ጠርሙስ መኪናዬ ውስጥ ረስቼው ነበር። ጠዋት ሳየው ከላይ ንጹሕ ውሃ፣ ከታች አንድ ጣት የሚያህል አሸዋ። ሳነቃንቀው አሸዋው ተነሥቶ ወዲያው ተመልሶ ቁጭ አለ። ክር የሚባል ነገር የለውም።

ስታቫንገር_ላብ

እንግዲያው ጄሉ ሞቷል። ላስረዳህ።

ሙቀት ፈሳሽን በሁለት መንገድ ያቀጥናል። አንደኛው ጊዜያዊ ነው። ማር ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ቋሚ ነው። ፖሊመር ማለት ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ውሃውን የሚያወፍረውም ርዝመቱ ነው። ሰንሰለቱ በሙቀት ከተበጣጠሰ ብታቀዘቅዘውም አይመለስም። አንተ ጠርሙስ ውስጥ ያየኸው ይኼንን ነው።

እጥፍ ብታደርገው እጥፍ ሰንሰለት ነው የሚበጣጠሰው። ትንሽ ሰዓት ትገዛ ይሆናል እንጂ 190 ዲግሪ ላይ ለውጥ አታመጣም። ጓር ብቻውን ከ100 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት አይታመንም። ዛንታን የሚባለው ሌላ ማወፈሪያ እስከ 120 አካባቢ ይሄዳል፣ ከፎርሜት ጨው ጋር ሲሆን ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። 200 ዲግሪ ገደማ የሚቆሙት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ናቸው፣ እነሱም ውድ ናቸው። ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ካለ ሁሉም ፈጥነው ይሞታሉ። ስለዚህ እኛ ኦክስጅን የሚያስወግድ ኬሚካል ቀድመን እንጨምራለን።

ሌላው ነገር፣ ገንዳ ላይ የሚለካ ውፍረት ስለ ጉድጓዱ ምንም አይነግርህም። እኛ ናሙናውን ወፍራም ብረት ዕቃ ውስጥ ዘግተን፣ በናይትሮጅን ተጭነን፣ ምድጃ ውስጥ እያንከባለልን በጉድጓዱ ሙቀት ለሰዓታት እናቆየዋለን። ከዚያ ነው ቪስኮሜትር (የውፍረት መለኪያ) ላይ የምናስቀምጠው። ምድጃ ስትከፍት ነጭ የነበረው ፈሳሽ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር የሚሸትበት ጊዜ አለ። ያኔ ሳትለካውም ታውቀዋለህ።

ስለ 40 ደቂቃዋ ደግሞ ልንገርህ። ፓምፕ እየሠራ እያለ ፈሳሹ ጉድጓዱን ያቀዘቅዘዋል፣ ስለዚህ ኮይሉ ጫፍ ላይ ያለው ሙቀት ከ190 በታች ነው። ስታቆሙ ግን ዓለቱ መልሶ ያሞቀዋል። ጄሉ በዚያች ሰዓት አለቀለት፣ የያዛትን ጥቂት አሸዋም ኮይሉ ዙሪያ ጣላት።

ማቶት

ሰላም ልጆች። እኔ የነዳጅ ሰው አይደለሁም። ባሕር ዳር ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህን ክር ሳነብ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም የምትሉት ሁሉ ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

አብሽ ታውቃላችሁ። ዱቄቱን ነክራችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ ስትመቱት የሚነሣው ዝልግልግ ነገር ጋላክቶማናን ይባላል። ጓርም ጋላክቶማናን ነው። ሁለቱም የጥራጥሬ ዘመድ ናቸው። ጓር ሕንድና ፓኪስታን የሚበቅል ባቄላ መሰል ተክል ነው፣ አይስክሬም ውስጥም ይገባል። ልዩነታቸው የሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ማኖስና ጋላክቶስ የስኳር ዓይነቶች ናቸው፤ አብሽ ለአንድ ማኖስ አንድ ጋላክቶስ ገደማ ይዟል፣ ጓር ለሁለት ማኖስ አንድ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። እናቶቻቸው ጓዳ ውስጥ የሚመቱት ነገር በዘመድ በኩል ነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል ስላቸው አያምኑኝም።

ሁለተኛው ነገር ጀበና ነው። ቡና ሲፈላ ዱቄቱ ውስጡ ይዋኛል። እናቶች ጀበናውን ማቶት ላይ ዘንበል አድርገው ያስቀምጡታል፣ "ይስከን" ይላሉ። ዘንበል ያለ ዕቃ ውስጥ ዝቃጭ ቶሎ ይሰክናል። ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1920 ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ደም ላይ አይቶ ጽፎታል። ዘንበል ያለ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የደም ሕዋሳቱ ቀጥ ካለው ይልቅ ፈጥነው ወረዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ ቅንጣቷ እስከ ታች ድረስ መውረድ አለባት። ዘንበል ባለው ግን ትንሽ ወርዳ የታችኛውን ግድግዳ ታገኛለች፣ ከዚያ በጅምላ ትንሸራተታለች። ንጹሑ ፈሳሽ ደግሞ በላይኛው ግድግዳ በኩል ወደ ላይ ይሾልካል።

ኮልድሌክ ልጄ፣ ጉድጓድህ ከቀጥታ ወደ አግድም ሲታጠፍ መሃሉ ላይ ዘንበል ያለ ቦታ የለውም? እዚያ ጋ ምን ይሆናል?

አቡዳቢ_ኮይል

ጋሼ ማቶት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ኮይል ላይ ስሠራ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ያሉት ቦታ እኛን የሚያስለቅሰን ቦታ ነው። ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባዘነበለው ክፍል አሸዋው ተከምሮ ይቆይና ፓምፕ ሲቆም እንደ ናዳ ወደ ታች ይንሸራተታል። ኮይሉ ከስር ካለ ይቀብረዋል። ኮልድሌክ፣ እኔ እንደሚመስለኝ አንተ የተያዝከው እዚያ ነው። ኮይሉ ሲያዝ ጫፉ ስንት ሜትር ላይ ነበር?

አሁን ስለ ፍጥነት እናውራ፣ ምክንያቱም ስለ ጄል ብቻ ስንጨቃጨቅ ዋናው ነገር እየተረሳ ነው። የ7 ኢንች ላይነር ውስጡ 6.2 ኢንች ገደማ ነው። የ2 ኢንች ኮይል ሲገባበት የሚቀረው ክፍተት ሰፊ ነው። በደቂቃ 500 ሊትር ስትገፋ ፈሳሹ በክፍተቱ ውስጥ የሚሄደው በደቂቃ 29 ሜትር ነው፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግማሹ ወደ ዓለቱ ከጠፋ ደግሞ ሩብ ሜትር። ይኸው ፓምፕ ውስጡ 4 ኢንች በሆነ ኬዚንግ (ጉድጓዱን የሚደግፍ የብረት ቱቦ) ውስጥ ቢሆን በደቂቃ 82 ሜትር ይሄድልህ ነበር። ፈሳሹ አንድ፣ ፓምፑ አንድ፣ ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ።

አግድም ጉድጓድ ውስጥ በተራ ውሃ አሸዋ ለማስኬድ እኔ በሰከንድ 1 ሜትር ባገኝ ደስ ይለኛል። ሩብ ሜትር ላይ ውሃው ከላይ በኩል ያልፋል፣ አሸዋው ታች ተኝቶ ያያታል።

ወፍራም ጄል ላይ ያለኝን ሐሳብም ልናገር። ወፍራም ፈሳሽ የተንሳፈፈ አሸዋ ይሸከማል። የተኛ አሸዋ ግን አያስነሣም። ቀስ ብሎ፣ ያለ ግርግር፣ በተኛው አሸዋ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ቀጭን ፈሳሽ በፍጥነት ሲሄድ ግን ይናወጣል፣ ይሽከረከራል፣ አሸዋውን ይቆፍረዋል። አግድሙ ላይ ቀጭንና ፈጣን፣ ቀጥታው ላይ ግድ ከሆነ ወፈር ያለ። የእኔ እምነት ይህ ነው።

ሰላሌ77

አቡዳቢ፣ ስለ አግድሙ ያልከው ገብቶኛል። የእኛ ጉድጓዶች በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ለዚያ ነው ጄል የሠራልን። ቅድም ያልኩትን አርሜያለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጄል ከሞተ፣ ውሃ ብቻ ይበቃል ማለት ነው? ውሃም ሲሞቅ ይቀጥናል አይደል?

ስታቫንገር_ላብ

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ይቀጥናል። ውሃ በ20 ዲግሪ 1 ሴንቲፖይዝ (የውፍረት መለኪያ) ነው። በ100 ዲግሪ 0.28 ይሆናል። በ150 ዲግሪ 0.18 አካባቢ። ውሃውም ይቀልላል፣ ስለዚህ አሸዋው ፈጥኖ ይወርዳል።

በጣም የሚጎዳው ግን ደቃቁ አሸዋ ነው። ይህ ብዙ ሰው አይመስለውም። አስልቼ ነበር። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 7 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ በ150 ዲግሪ ውሃ ደግሞ 10። ያን ያህል አይደለም። የ0.1 ሚሊሜትሩ ግን ከ0.8 ሴንቲሜትር ወደ 2.5 ይዘላል። ሦስት እጥፍ። ደቃቁን ቅንጣት የውሃው ውፍረት ነው የሚይዘው፣ ውፍረቱ ሲጠፋ ይወድቃል። ትልቁን የሚይዘው የውሃው ግፊያ ነው፣ እሱ ብዙም አይለወጥም። ቅንጣቱ እንዲህ ሲወድቅ ቀጥታው ክፍል ውስጥ እንኳ ፍጥነቱ ከመውረጃው ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት።

ሌላ ልጨምር። እኛ ጋ ሰሜን ባሕር ውስጥ እንደ ኤልጂን እና ፍራንክሊን ባሉ የነዳጅ መስኮች ያሉ ጉድጓዶች 190 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፣ ልክ እንደ አንተ። ግፊታቸው ግን ሲጀመር 1,100 ባር ነበር። የአንተ 15 ነው። ሙቀቱ አንድ ሆኖ መድኃኒቱ ተቃራኒ ነው። ሰሜን ባሕር ውስጥ ግፊቱን ለመጫን ከባድ ፈሳሽ ይፈለጋል። ሲዚየም ፎርሜት የሚባል ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፈሳሹ ከተራ ውሃ እስከ 2.3 እጥፍ ይከብዳል፣ ሲዚየሙም የወጣው ከእናንተው ካናዳ፣ ማኒቶባ ካለ ማዕድን ማውጫ ነው። አንተ ጋ ግን 450 ሜትር ውሃ ብቻውን 44 ባር ይጫናል። ጉድጓዱ የሚችለው 15 ነው። ግማሹ ፈሳሽ የት እንደጠፋ አሁን ገባህ?

ኮልድሌክ_ልጅ

ገባኝ። በጣም ገባኝ። ውሃችንን ዓለቱ እየጠጣው ነው።

አቡዳቢ፣ መዝገቡን አየሁት። ኮይሉ ሲያዝ ጫፉ 520 ሜትር ላይ ነበር፣ ልክ መታጠፊያው ላይ። ያልከው ነው። ጋሼ ማቶት፣ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስለ ጀበናው ነገርኳት፣ "እኔ ሁሌ የማደርገውን ነው እንዴ ኢንጂነሮች የሚጨቃጨቁበት" አለች።

አሁን ግን ሌላ ፍርሃት አለኝ። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው "በቀዝቃዛ ውሃ አጥለቅልቀን አቀዝቅዘነው እንግባ፣ ያኔ ጄሉም አይሞትም" አለ። ያስኬዳል?

ፎርትማክ_ጋሼ

የለም ልጄ፣ አያስኬድም። ይህን ሳይ ነው ለመጻፍ የተገደድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ዘይት የያዘው አሸዋ ላይ ኖሬያለሁ።

የእናንተ አሸዋ ብቻውን አይደለም፣ ሬንጅ የለበሰ ነው። ሬንጁ በ200 ዲግሪ እንደ ቀጭን ዘይት ይፈሳል፣ 10 ሴንቲፖይዝ አካባቢ ነው። መሬቱ በተፈጥሮው ባለው ሙቀት፣ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሴንቲፖይዝ ያልፋል። እንፋሎት መጀመሪያውኑ የሚገባው ለዚህ ነው። ፎርት ማክመሪ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1987 በመሬት ውስጥ ዋሻ እንፋሎት ሲሞከር ጥያቄው ይኸው ነበር፣ ድንጋይ የሆነውን ሬንጅ እንዴት እናስኬደው የሚል። አሁን አንተ ቀዝቃዛ ውሃ ብትደፋበት አሸዋውን በሬንጅ አስፋልት ታደርገዋለህ። ያኔ ማንም ፈሳሽ አያወጣውም።

ብረቱም አለ። የሞቀ ኬዚንግ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሲሚንቶው ይዞታል፣ መሄጃ የለውም። መገጣጠሚያው ላይ ይጎተታል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ የተበላሸ ጉድጓድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሳታቀዘቅዙም አትገቡም። 190 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ታች በግፊት ተጨንቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ላይ መጥቶ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት ይፈላል። ከውሃው የሚፈላው እያንዳንዱ ሊትር ወደ 1,600 ሊትር እንፋሎት ይሆናል። የመመለሻ ቱቦው ሲንቀጠቀጥ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳም።

ስለዚህ መሃሉን ያዙ። ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ አውርዱት፣ በሰዓታት እንጂ በደቂቃ አይሁን። ከዚያ 80 ወይም 90 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ተጠቀሙ፣ ሬንጁን ከአሸዋው የሚያላቅቅ ሳሙና መሰል ነገር ጨምሩበት። መመለሻው ላይ ቾክ (ማጥበቢያ ቫልቭ) አድርጉ፣ ግፊቱን ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እንፋሎት የገባበት ሬንጅ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ ወዲያው ራቅ። ሽታው ከጠፋ ደግሞ "ሄደ" ብለህ አትመለስ። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። መለኪያህን እመን። እኔ ጓደኛ ቀብሬበታለሁ።

ኮልድሌክ_ልጅ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ነፍስ ይማር። መለኪያዬን ከደረቴ አላወርደውም።

የላንጋኖ_እንፋሎት

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከጂኦተርማል በኩል ልጨምር። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ሠርቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቆፈሩት ስምንት ጉድጓዶች አሉ፣ ጥልቁ 2,500 ሜትር ነው፣ ሁለቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ናቸው። ነዳጅ የለም፣ ሬንጅ የለም፣ ግን የፈሳሹ ችግር አንድ ነው። ዓለቱ ስንጥቅጥቅ ነው፣ የምትሰጠውን ሁሉ ይውጣል።

የጂኦተርማል ሰው የሚጠቀመው መላ አረፋ ነው። ውሃ፣ ሳሙና፣ አየር። አረፋ ቀላል ስለሆነ ዓለቱን አይጫንም፣ ግን ቅንጣት ይሸከማል። የቢራ አረፋ ላይ የኦቾሎኒ ልጣጭ ጣል አድርጋችሁ እዩ፣ ቁጭ ይላል፣ አይሰምጥም። ከመቶው 65 እስከ 85 ጋዝ ሲሆን ነው እንዲህ የሚሆነው። ከ50 በታች ሲወርድ አረፋዎቹ አይነካኩም፣ ጋዝ ያለበት ውሃ ብቻ ነው። ከ95 ሲያልፍ ደግሞ ጭጋግ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። እኛ አየር እንጠቀማለን፣ የሚቃጠል ነገር ስለሌለን። እናንተ ግን ነዳጅ ባለበት አየር አትላኩ። ኦክስጅን ከነዳጅ ጋዝ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከተገናኘ ሊፈነዳ ይችላል፣ ኮይሉንም ያዝገዋል። ናይትሮጅን ነው የእናንተ።

አቡዳቢ_ኮይል

ላንጋኖ፣ አሳምረህ አስቀመጥከው። እኔ የምጨነቀው ስለ ሁለት ነገር ነው። ዘይት አረፋን ይገድላል። ሳሙናው ደግሞ ሙቀት መቻል አለበት። አልፋ ኦሌፊን ሰልፎኔት የሚባለው ለእንፋሎት ጉድጓድ አረፋ ሲሠራበት የቆየ ነው፣ እሱን ጠይቁ።

ሌላ መንገድም አለ። አንድ ኮይል ውስጥ ሌላ ኮይል ያለበት፣ ጫፉ ላይ ጄት ፓምፕ ያለው፣ አሸዋውን እንደ ቫኪዩም የሚመጥጥ። ለዝቅተኛ ግፊት አግድም ጉድጓድ የተሠራ ነው፣ ምዕራብ ካናዳና ቬኔዝዌላ ውስጥ ሠርቷል። ዓለቱን ጭራሽ አይጫንም። ዋጋው ግን ያስፈራል።

አገባቡ ላይ ስስት አታብዙ። 10 ሜትር ግቡ፣ ቁሙ፣ አጥቡ። ከዚያ ከመታጠፊያው በላይ ድረስ ጎትታችሁ አውጡና ተመለሱ፣ መንገዱ ላይ የተኛውን ይጠርጋል። ፓምፕ ግድ ከቆመ መጀመሪያ ኮይሉን ከመታጠፊያው በላይ አምጡት፣ ከዚያ ጥገናውን ጀምሩ። ያቺ 40 ደቂቃ ኮይሉ 400 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር።

ኮልድሌክ_ልጅ

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወገኖች፣ ተመልሼ መጣሁ። ሥራው አልቋል፣ ሰው በሰላም ነው፣ ኮይሉም መንኮራኩሩ ላይ ነው።

የጻፋችሁትን በእንግሊዝኛ አጠቃልዬ ለአለቃዬ ሰጠሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ የጠርሙሱን ናሙና አሳየሁት። አነቃነቀው፣ ብርሃን ላይ ያዘው፣ አሸዋው ሲወርድ አየ። "እሺ፣ በአንተ መንገድ እንሞክር" አለኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ቀስ እያልን አቀዘቀዝነው። 85 ዲግሪ ውሃ፣ ሳሙና፣ ናይትሮጅን፣ 70 ከመቶ ጋዝ። አረፋው እንደ መላጫ ሳሙና ነጭ ሆኖ መጣ። ለአራት ሰዓት ያህል ደስ የሚል ነበር። ከዚያ በድንገት አረፋው ሞተ፣ ጥቁር ውሃ ብቻ መጣ። ዘይቱ ገድሎት ነው፣ አቡዳቢ እንዳለው። ኮይሉን ወዲያው ወደ 400 ሜትር ጎተትነው። ሳሙናውን ወደ እጥፍ ከፍ አድርገን፣ አረፋው እስኪመለስ አጥበን፣ እንደገና ገባን። ከዚያ በኋላ አላስቸገረንም። የሚመለሰው ፈሳሽም ከገባው ጋር ተቀራረበ።

ሁለት ቀን ከግማሽ ፈጀ። ወደ 3 ሜትር ኩብ አሸዋ አወጣን። አስቡት፣ የ7 ኢንች ላይነርን 100 ሜትር ሙሉ በሙሉ ብትሞሉት የሚይዘው 2 ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ጉድጓዱ ምን ያህል ታፍኖ እንደነበር ያኔ ነው የታየኝ።

ሰላሌ77

ደስ ይላል ወንድሜ! እንኳን ደስ አለህ።

ፎርትማክ_ጋሼ

ጎበዝ። ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ከወጣው አሸዋ ጥቂት በነዳጅ አጥበህ፣ አድርቀህ በወንፊት ንፋው። ትልቁ ቅንጣት ስንት ነው? የላይነሩ ስንጥቅስ ስፋቱ ስንት ነው?

ኮልድሌክ_ልጅ

ጋሼ፣ ዛሬ ሠራሁት። አብዛኛው ደቃቅ ነው፣ በጣት መሃል ሲፈጩት እንደ በርበሬ ዱቄት። ግን ከ100 ግራሙ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ጠጠር አለ። ትልቁን በካሊፐር ለካሁት፣ 2 ሚሊሜትር ሆነ። የላይነሩ ስንጥቅ በመዝገቡ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ነው የሚለው።

ፎርትማክ_ጋሼ

እንግዲህ በስንጥቁ አልገባም። ላይነሩ የሆነ ቦታ ተበስቷል። እንፋሎት ከአሸዋ ጋር ሆኖ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ያንን ሳትዘጉ ምንም ዓይነት ፈሳሽ ብትጠቀሙ ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ትመለሳላችሁ። ለአለቃህ ያንን ጠጠር በእጁ ስጠው።

ኮልድሌክ_ልጅ

ሰጠሁት ጋሼ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ሐሙስ የላይነሩን ውስጥ የሚለካ መሣሪያ ይወርዳል። ቀዳዳው ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ እንዳወቅኩ እዚሁ እጽፋለሁ።